ቦቲዎቹ የደረቁበት ነሐሴ

«ለሁልታ ሐይቅ ሸርጣን አጥማጆች ማኅበር አባላት በሙሉ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛውም አባል ቦቲ ጫማውን ሳያደርቅ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያው የተለጠፈው በመንደራችን ሱቅ በር ላይ፣ በጠፋች ድመትና በሚሸጥ አሮጌ ጀልባ መካከል ነበር። ያነበበው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድምፁን ሳያሰማ ነው ያነበበው። ከሩቅ ላየን ሰው የቀብር ሰዓት የምናነብ እንመስል ነበር።

«ቦቲ ማድረቅም በአዋጅ ሆነ?» አለች ማይብሪት። ማይብሪት የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኤቨርት እህት ናት፤ በሁልታ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ጮክ ብላ የምትናገረው እሷ ናት። «ቀጥለው ካልሲያችንን ይፈትሻሉ።»

ማስታወቂያውን የለጠፈችው ሔድቪግ ነበረች። በሰኔ ወር ከአውራጃው የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ የመጣች፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት፣ ቃል የምትቆጥብ ልጅ። ይዛ የመጣችው ስድስት የሽቦ ሳጥንና አንድ ረጅም የቦቲ መስቀያ ነው። መስቀያውን ከጀልባ ማረፊያው መግቢያ ላይ ተከለችው። ቦቲ ተገልብጦ የሚደርቅባቸው የእንጨት ችካሎች ተደርድረውበታል።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሁልታ ሸርጣን የባሕሩ ክብ ሸርጣን አይደለም፤ ረጅም፣ ጅራታም፣ ጥቁር ቡናማ፣ የመቆንጠጫው ሆድ ቀይ የሆነ የሐይቅ ፍጥረት ነው። ድሮ በየውሃው ነበር። አሁን በአውራጃው የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነው። ሌላውን የጨረሰው በአያቶቻችን ዘመን ከባሕር ማዶ ያመጡት ዘመዱ ነው፤ በመቆንጠጫው መጋጠሚያ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። መጤው በሽታ ይሸከማል፣ እሱ ግን አይሞትም። የእኛው ታሞ ያልቃል። በሽታው ከውሃ ወደ ውሃ እንዲሻገር መጤው ራሱ መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። አንድ እርጥብ ቦቲ ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ሲክስተን ነበር፣ የኤቨርት ልጅ። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አናጺ ነው፤ የመንደሩን ወጥመድ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ወጥመዶቹን በትከሻው አንጠልጥሎ ሲመጣ ሔድቪግ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ቦቲህ ረጥቧል።»

«ዝናብ ነው።»

«ሦስት ሳምንት አልዘነበም።»

ሲክስተን ሰማዩ እንዲመሰክርለት ቀና ብሎ አየ። ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም።

«እንግዲያው ጤዛ ይሆናል።»

«እስከ ጉልበት የሚደርስ ጤዛ?»

ወጥመዶቹን አስቀመጠ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ አወለቀ። የግራ እግሩ ካልሲ ተቀድዶ አውራ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበር። ሁለቱም ጣቱን አዩት። ጣቱም የሚሄድበት ስለሌለው ባለበት ቆየ።

«እሱም ይድረቅ» አለችና ፊቷን አዞረች። ግን ጆሮዋ ድረስ ቀልታ እንደነበር ሲክስተን ዛሬም ድረስ ይምላል።

ሔድቪግ በየቀኑ የሚቀዝፍላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። በስድስቱ ሳጥኖች ውስጥ የሐይቁን ጤነኛ ሸርጣኖች አድርጋ በስድስት ቦታ አጥልቃለች፤ እነሱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ውሃው ንጹሕ ነው። ማኅበሩ ተሰብስቦ ሲክስተንን መደበላት። ኤቨርት ልጁን ወደ ጎን ወስዶ፣

«ቅዘፍላት» አለው። «የት የት እንደምትሄድ እይ። የምትጽፈውንም ንገረኝ።»

«ምን እንዳታገኝ ነው?»

«ምን እንዳታገኝ እንደሆነማ ታውቃለህ።»

ሲክስተን ያውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ የሸርጣን በዓላችን ነው። ረጅሙን ጠረጴዛ ማረፊያው ላይ እንዘረጋለን፤ የወረቀት ባርኔጣ እናጠልቃለን፤ የልጅ መሐረብ አንገታችን ላይ እናስራለን፤ በጨውና በእንስላል ተቀቅሎ የቀዘቀዘውን ሸርጣን በእጃችን እየሰበርን እየዘፈንን እንበላለን። በዓሉ ላይ ቦቲ አድርገን ነው የምንቀመጠው፤ ከእራቱ በኋላ የበዓሉን ወጥመድ ለመጣል አንድ ላይ ውሃው ውስጥ እንገባለን። በሁልታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ከሁልታ ሐይቅ የወጣ ብቻ ነው። ይህን የጎረቤት መንደሮች ሁሉ በቅናት ያወሩታል።

ችግሩ፣ ከራሳችን ሐይቅ የሚወጣው ጠረጴዛውን መሙላት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኛው አጥምደን አሳንሰነዋል። ኤቨርት ደግሞ በእሱ ዘመን ጠረጴዛው ባዶ ሆነ እንዲባል አልፈለገም። ስለዚህ መጤው ከሞላበት ከትልቁ ሐይቅ በሳጥን ያስመጣል፤ ከውሃ አርቆ በራሱ ማድ ቤት ቀቅሎ ያቀርባል። እኛም መቆንጠጫውን እየመጠጥን፣ «ይሄ ነው የሁልታ ጣዕም! የትልቁ ሐይቅ እኮ ጭቃ ጭቃ ይላል» እንላለን። ሁሉም ሲቀቀል ቀይ ነው። ነጩ ምልክት የታየው ሰው እንስላሉን ሳብ አድርጎ ይሸፍነዋል።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። ጠዋት ጠዋት ሲክስተን ይቀዝፋል፣ ሔድቪግ ሳጥን ታነሳለች። እሷ አታወራም፤ እሱ ያንጎራጉራል። በሦስተኛው ሳምንት ማንጎራጎሩን ቢያቆም፣

«ለምን አቆምክ?» አለችው ከማስታወሻዋ ቀና ሳትል።

«የሚረብሽሽ መስሎኝ።»

«ሳጥን የምቆጥረው በእሱ ነው። ከአንዱ ሳጥን እስከ ሌላው ሁለት ዘፈን ነው።»

ሌላ ቀን፣ ጀልባዋ መሃል ሐይቅ ላይ ቆማ ሳለ፣ «ቀን የሚሄድ ሸርጣን ካየህ ጥራኝ» አለችው። «ጤነኛው ቀን አይወጣም።»

«ይሄንንማ ማን ያጣዋል? የታመመው በጥፍሩ ተነስቶ ነው የሚሄደው። አያቴ፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጋ ሠርግ እንደምትሄድ ሴት ነው ትል ነበር።»

«ይሄ ሐይቅ ቢታመም ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?»

«ታለቅሻለሽ?»

«መጀመሪያ እሱን። ከዚያ የሰሜኑን ወሽመጥ ሸርጣኖች እያነሳሁ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ወደነበረው ካባ ኩሬ እወስዳቸዋለሁ። ወሽመጡ ከሐይቁ ጋር በጠባብ አንገት ነው የሚገናኘው፤ በሽታው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ኩሬው ደግሞ ወንዝ አይገባበትም። ዘር የሚተርፈው እዚያ ብቻ ነው።»

«ካባው የማኅበሩ ነው።»

«አዎ። የበሩ ቁልፍ አባትህ ኪስ ውስጥ ነው።»

ሲክስተን መቅዘፊያውን አነሳ።

በሐምሌ መጨረሻ ሲክስተን መስቀያው ላይ ሁለት አዳዲስ ችካል ጨመረ፤ እርስ በርስ የተጠጉ። ከማግሥቱ ጀምሮ የሔድቪግ ቦቲና የሲክስተን ቦቲ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተዘቅዝቀው ይውሉ ጀመር።

«ቦቲዎቹ ተጫጭተዋል» አለች ማይብሪት በሱቁ ወረፋ ላይ። «ባለቤቶቻቸው ምን እየጠበቁ ነው?»

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የማኅበሩ ኮሚቴ ሸርጣኑን የሚቀምስበት ቀን አለ። ሳጥኑ በሲክስተን መኪና ከትልቁ ሐይቅ የደረሰው በዋዜማው፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሙቀቱ የመኪናውን ወንበር ያቃጥላል። ኤቨርት ሳጥኑን ከፈተ፤ ሸርጣኖቹ መዛል ጀምረዋል።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ያሰበበት አይመስለኝም። አባቱና አያቱ በሕይወት ያለ ሸርጣን ሲመጣ እስኪቀቀል ድረስ ማረፊያው ሥር ባለው የእንጨት ማቆያ አድርገው ሐይቁ ውስጥ ያንጠለጥሉት ነበር። አንጀቱ እንዲጠራ። የኤቨርት እጅ ይህን ሥራ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያደረገው እጁ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሲክስተን ለቀዘፋ ሲመጣ ገመዱ ተወጥሮ አየ። ሳበው። ማቆያው ወጣ። ከውስጡ ነጭ ነጭ ምልክት ይታይ ነበር።

አባቱ ከኋላው ቆሟል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንድ ሌሊት ነው። ሙቀቱ ሊገድላቸው ነበር።»

«ውሃ ውስጥ ከተትካቸው?»

«ሸርጣን ሌላ የት ይቀመ...» ኤቨርት ቃሉን አልጨረሰውም። ማረፊያው ላይ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ እጁን አገላብጦ አየው።

«ልነግራት ነው» አለ ሲክስተን።

«አንድ ሌሊት ምን ያደርጋል? ምንም ላይሆን ይችላል። ብትነግራት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ መንደሩን ምን ሳበላ እንደኖርኩ መንገርህ ነው። ከዚያ በየትኛው ፊቴ ሱቅ እሄዳለሁ? ደግሞስ ሳጥኑን በመኪናህ ያመጣኸው አንተ አይደለህም?»

ሲክስተን ያን ቀን ሲቀዝፍ አላንጎራጎረም።

በማግሥቱም ሳጥኖቹ ደህና ነበሩ። በሳልስቱም። በየጠዋቱ አፉን ይከፍታል፤ ሔድቪግ ሳጥን ታነሳለች፤ ሸርጣኖቹ ጅራታቸውን ያማታሉ፤ «ሁሉም ደህና» ብላ ትጽፋለች፤ አፉን ይዘጋል። ሰባት ቀን። ዘጠኝ ቀን። እጁ መቅዘፊያው ላይ ሳለ አንድ ጠዋት እጇን ደረበችበት። ሲክስተን ማቆያውን የሳበው በዚያ እጅ መሆኑ ትዝ አለውና መነጨቀው።

ሔድቪግ እጇን ቀስ ብላ ወደ ጭኗ መለሰች።

«እኔ ነኝ?» አለች።

«አይደለሽም።»

«አባትህ የምጽፈውን እንድትነግረው እንዳዘዘህ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። የእጅ ጽሑፌን አሳመርኩ፤ ለማንበብ እንዳትቸገር ብዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሥቅ ነበር። አሁን ግን ፊቱን አዙሮ ሐይቁን አየ። ሐይቁ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ማረፊያው ላይ ወንበር እየተደረደረ፣ ፈገግ ያለች ጨረቃ የተሳለባቸው የወረቀት ፋኖሶች እየተሰቀሉ ነው። ሁለቱ በጠዋት ወጡ። ለማረፊያው ቅርብ የሆነውን ሳጥን ሔድቪግ ስታነሳ አንደኛው ሸርጣን ጅራቱን አላማታም። በእጇ ላይ እንደ እርጥብ ጓንት ተዘረጋ።

አገላበጠችው።

«ሙቀት ይሆናል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበር። «አይደል? ሰሞኑን ሞቋል።»

አዎ ቢላት ያልፍ ነበር። በዓሉ ያልፍ ነበር፤ አባቱ ሱቅ ይሄድ ነበር፤ ቦቲዎቹም ጎን ለጎን ይውሉ ነበር።

«ሙቀት አይደለም» አለ ሲክስተን።

ሁሉንም ነገራት። ሳጥኑን፣ ማቆያውን፣ ሦስቱን ዓመት፣ የራሱን መኪና። ስታዳምጥ ዓይኗን ከሸርጣኑ ላይ አላነሳችም።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት ቀን ቀዝፈህልኛል።»

«ሔድቪግ...»

«ወደ ዳር ቅዘፍ።»

ዳር ሲደርሱ ሲክስተን ቦቲውን አውልቆ ሰቀለ፤ እሷም ቦቲዋን አወለቀች። ከሲክስተን ቦቲ ጎን ያለውን ችካል አልፋ፣ እስከ መስቀያው ጫፍ ሄዳ፣ መጨረሻው ላይ ሰቀለችው።

ወደ ቢሮዋ ስልክ ደወለች፤ መልሱ አጭር ነበር። የታመመውን ወደ ምርመራ ይልካሉ፤ ውጤቱ አምስት ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ የሰው ንብረት የሆነ ካባ ያለ ፈቃድ አይከፈትም። አምስት ቀን! በአምስት ቀን የሰሜኑ ወሽመጥ ሸርጣን ሊያልቅ እንደሚችል ታውቃለች። በቀጥታ ኤቨርት ቤት ሄደች። በእኛ አገር ሽማግሌውንም ዳኛውንም አንተ ነው የምንለው፤ አክብሮትና ቁጣ የሚለየው በድምፅ ነው። የሔድቪግ ድምፅ ውስጥ ሁለቱም አልነበሩም።

«ኤቨርት፣ የካባውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ኤቨርት የወረቀት ባርኔጣ እያጠፈ ነበር። ማጠፉን አላቆመም። «ልጄን ፍቅር ይዞታል» አለ። «ፍቅር የያዘው ሰው ያላየውን ያያል። የካባውን ነገር ማኅበሩ ይወስናል፤ ከበዓሉ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ። እራት ተጋብዘሻል እኮ፤ የክብር እንግዳችን ነሽ።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም ተቀምጠናል። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ውሃውን እስከ ታች ታበራዋለች። ሔድቪግ በሥራ ልብሷ መጣች። ኤቨርት የወረቀት ባርኔጣ ራሷ ላይ አደረገላት፤ አልተቃወመችም። ዓይኖቿ ግን ኪሱን ነበር የሚያዩት። ሲክስተን በመደበኛ ጫማ መጣ፤ ቦቲው ከጠዋት ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው። ወንበር ተሰጠው፣ አልተቀመጠም።

ትልቁ ሳህን መጣ። ቀይ በቀይ፣ እንስላል እላዩ ላይ ተነስንሶበታል። ኤቨርት ብርጭቆውን አነሳ።

«እንደ አባቶቻችን፣ ከራሳችን ሐይቅ!»

«ከራሳችን ሐይቅ!» አልን።

«ከትልቁ ሐይቅ ነው» አለ ሲክስተን።

ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ግን እስከ ጠረጴዛው መጨረሻ ተሰማ። ሔድቪግ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

ከዚያ ማይብሪት ሣቀች።

«አንተ ልጅ ገና ሳትጠጣ ሰክረሃል! ቁጭ በልና ብላ።»

ሁላችንም ተከትለናት ሣቅን። እኔም ሥቄአለሁ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ እንባው እስኪመጣ ሣቀ፤ አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ደግሞ ነጩን ምልክት በእንስላል እየሸፈነች ሣቀች። «የሁልታን ጣዕም ምላሴ ያውቀዋል!» አለ አንዱ። «የትልቁ ሐይቅማ ጭቃ ነው!» አለ ሌላው። ኤቨርት ብቻ አልሣቀም። ማይብሪት ዘፈኑን አነሳችው፤ እኛም ጠረጴዛውን እየደበደብን ተቀበልናት። የምንችለውን ያህል ጮኸን ነበር የዘፈንነው።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ የማይብሪት ድምፅ ተቋረጠ።

ውሃውን ነበር የምታየው። እኛም አየን።

ከማረፊያው ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት፣ ፀሐይ ባበራው አሸዋ ላይ፣ አንድ ሸርጣን ይሄድ ነበር። ጥቁር ቡናማ። ነጭ ምልክት የሌለበት። የእኛው። በእግሮቹ ጫፍ ተነስቶ፣ ሆዱን ከአሸዋው ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየተጠራጠረ ይራመዳል። ሠርግ እንደምትሄድ ሴት ነበር የሚሄደው። ከአንዲት ድንጋይ ዘንድ ደረሰ፤ ሊወጣባት ሞከረ፤ በጀርባው ወደቀ። የመቆንጠጫው ቀይ ሆድ ወደ እኛ ዞረ። እግሮቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ቆሙ።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀን የሚሄድ ሸርጣን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ማይብሪት በሳህኗ ላይ ካለው ሸርጣን እንስላሉን በሁለት ጣቷ አነሳችና ጎን ላይ አስቀመጠችው። ነጩ ምልክት ታየ። ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ከፊት ለፊቷ ያለውም ሰውዬ የራሱን እንስላል አነሳ። ከዚያ ቀጣዩ።

ኤቨርት ባርኔጣውን አወለቀ። ማረፊያው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በበጋው ሙሉ አንድም ቀን ያላደረቀውን ቦቲ ጎትቶ አወለቀ። ሁለቱም ካልሲዎቹ አውራ ጣቱ ላይ ተቀድደው ነበር። በካልሲው በሁላችን ፊት አልፎ መስቀያው ዘንድ ሄደ፤ ቦቲውን ገልብጦ ሰቀለ። ሲመለስ ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አወጣ። አንዷን ቁልፍ ለማውጣት ጥፍሩ ሦስት ጊዜ አዳለጠው። ከሔድቪግ ሳህን አጠገብ አስቀመጣት።

«በሰሜኑ ወሽመጥ ያለው ጀልባ ከግንቦት ጀምሮ ውሃ አልነካም» አላት። «ደረቅ ነው።»

ሔድቪግ ቁልፉን ያዘች። ተነስታ ወደ መስቀያው ሄደች። የራሷን ቦቲ ከጫፉ አነሳች፤ ከዚያ እስከ ሁለቱ የተጠጉ ችካሎች ተመልሳ የሲክስተንን አነሳች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የአንዱን ውስጥ ዳሰሰች፤ ከዚያ የሌላውን። ሁለቱንም አምጥታ ሲክስተንን ደረቱ ላይ አስታቀፈችው።

«ደርቋል» አለችው።

ከኋላችን፣ በጠረጴዛው ዙሪያ፣ ቦቲ ከእግር ሲወልቅ የሚሰማው ያ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።